እናቴ ድምፅ ሳታሰማ የገባችበት ፈተና

አስራ ሁለት ጥያቄ ሲቀረኝ የእናቴ እጅ አናቴ ላይ አረፈ።

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እቤታችን ቁጭ ብዬ የኔትወርክ ሰርተፍኬት ፈተናዬን በኦንላይን እየወሰድኩ ነበር። ፈታኙ በካሜራ ያያል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከታየ ፈተናው ይሰረዛል። ከመጀመሬ በፊት የግድግዳውን ካላንደር ሳይቀር አስወርዶኛል።

አንድ ዓመት ሙሉ ቀን መሥሪያ ቤት ኬብል ስዘረጋ እየዋልኩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያጠናሁት ነው። ያለዚህ ወረቀት እድገት አይሰጡኝም።

እማዬን "እንዳታናግሪኝ" ብያት ነበር። አላናገረችኝም። ከጸሎት ቤት መጥታ በሩን ቀስ ብላ ከፈተች፣ እጇን ጫነችብኝና በልቧ ጸለየችልኝ።

እጇን ላነሳው እችል ነበር። አላነሳሁትም። ወዲያው ስክሪኑ ላይ "ፈተናው ተቋርጧል" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን እንደጨፈነች ነው። "አሜን" አለችና ፈገግ ብላ፣ "ድምፅ አላሰማሁም አይደል?" አለችኝ።

"አላሰማሽም እማዬ" አልኳት።

አሁን ደስ ብሏት ምሳ እየሠራች ነው። ማዕድ ስንቀርብ ውጤቱን መጠየቋ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ለእናቶቻችሁ ምን ብላችሁ እንደነገራችኋቸው ጻፉልኝ። ምሳው ደርሷል።