አዲሱ መጽሐፍ የማያውቀው ሕግ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ አለዚያ ወሬው መሃል ላይ ስደርስ በመጽሐፉ ማላከኬ አይቀርም፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሃምሳ አለቃ ነበር። ጦሩ ሲፈርስ ከሰሜን በእግሩ መጥቶ መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለችው የቀበሌ ቤታችን ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከ"እሺ" እና ከ"ጠግቤያለሁ" በስተቀር የረባ ቃል አልወጣውም። እናትና አባታችን ቀደም ብለው አልፈዋል፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ አንድ የውጭ ሰዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ደመወዜ ለሁለታችን ይበቃ ነበር፤ ዝምታውን ግን አልቻልኩትም። ዝም ሲሉኝ የማብድ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ሲሄድ ከተዋቸው መጻሕፍት መካከል አንድ ስስ መጽሐፍ ይዤለት መጣሁ። ሽፋን የለውም፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ረጥበው ተጣብቀዋል። የጨዋታ መጽሐፍ ነው። ጨዋታው ግን ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ ይተርካል፤ "ከፊታችሁ ወንዝ አለ፣ ድልድዩ አርጅቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ የጻፉትን ሰው ሆነው ይመልሳሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን በዕጣ ይለያል። መጽሐፉ ብዙ አይናገርም፣ ግማሹን ለተጫዋቹ ትቶታል። ወንድሜን የያዘው ይሄ ይመስለኛል። መዝገበ ቃላት ከጎኑ አድርጎ ተጎነበሰ፣ የጎደለውን ከራሱ ሞላው፣ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ሙሉ በአማርኛ ጻፈ።

ሁለት ሰው ጨመርን። አንዱ አስፋልቱ ዳር የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ አፋቸው ደግሞ አያርፍም። ሁለተኛው ከደቡብ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፣ ጴንጤ። መጽሐፉ ውስጥ ድግምት እንዳለ ሲሰማ "እኔ በጌታ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልቀመጥም" አለን። ወንድሜ ክርክር ውስጥ አልገባም። የድግምቱን ምዕራፍ እንዳለ ዘለለውና በቦታው ስለ ቁስል አስተሳሰር፣ ስለ ስንቅና ስለ ጫማ ጻፈ። ስለ ጫማ ብቻ አራት ገጽ። ልብስ ሰፊው "ሃምሳ አለቃ፣ የሰው ጀግና በዘንዶ ይሞታል፣ የኛዎቹ ውሃ በቋጠረ እግር ሊያልቁ ነው" እያሉ ያሾፉበት ነበር።

መጽሐፉ የሚፈልገው ባለ ሃያ ፊት ዳይስ፣ እየጣሉ ቁጥር የሚያወጡበት፣ መካኒሳ ከየት ይመጣል? ልብስ ሰፊው ሃያ የካፖርት አዝራር ሰጡን፣ መምህሩ በቀለም ቁጥር ጻፈባቸው፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገን እየነቀነቅን ማውጣት ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ከሥራ ስመለስ፣ ያ ቆርቆሮ ሲንኳኳ የቤታችን ድምፅ ይቀየር ነበር። ወንድሜ ያወራል። ሽማግሌ ይሆናል፣ ነጋዴ ይሆናል፣ ባለጌ በረኛ ይሆናል። ከእሁድ እስከ ዓርብ የት እንደሚያስቀምጠው የማላውቀውን ሳቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጣዋል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ያንን ስጠብቅ እከርማለሁ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከምንም በፊት የተጻፈ አንድ ሕግ አለ። "የወደቀ አይተውም" ይላል። ሰው ሲወድቅ እያንዳንዱ ጓደኛ አንድ አንድ አዝራር ያወጣል፤ አንዱ እንኳ ከአስር በላይ ካወጣ የወደቀው ተነስቷል።

"ሁላችንም ካነሰብንስ?" አለ መምህሩ።

"እንደገና ታወጣላችሁ" አለ ወንድሜ።

"እስከ መቼ?"

"እስኪነሳ።"

መምህሩ "ይሄ እኮ ሒሳብ አይደለም" ብሎ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብል ዛሬ በቀለለኝ። ወንድሜ ዳኛ ቢሆንም አብሮን የሚጓዝ የራሱ ሰው ነበረው፤ መንገድ የሚመራን፣ ወንዝ የሚያሻግረን፣ ብዙ የማይናገር ወታደር። የዚያ ወታደር ስም የጓደኛው ስም ነው። ያ ጓደኛው ከአንድ ኮረብታ ሲያፈገፍጉ ከጎኑ ወድቋል። ወንድሜ ዞሮ አይቶታል፣ ከዚያ ሮጧል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሸሚዙን ስተኩስለት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነገረኝ።

የጓደኛው እናት ብስራተ ገብርኤል ነበር የሚኖሩት። በየወሩ በአስራ ዘጠኝ፣ ገብርኤልን ተሳልሞ ሲመለስ እሳቸው ዘንድ ጎራ ይላል። "ወሬ የለም ልጄ?" ይሉታል። "ገና ነው እማማ፣ ተማርከው የነበሩት አሁንም እየመጡ ነው" ይላቸዋል። ቤት ሲገባ ፊቱን አላይም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ወታደር ጫካ ውስጥ ወይ ገደል ላይ ይወድቃል፣ እኛ አዝራር እናወጣለን፣ ይነሳል። አምስት ዓመት እንዲህ አነሳነው።

ታዲያ እኔ አላርፍም። አለቃዬ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ "እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካገኘህ" ብዬ ለመንኩት። ወንድሜን ላስደስት ብዬ ነው፣ እግዜር ያውቃል። ሲመለስ "አዲስ እትም ወጥቷል፣ የድሮውን አሁን የሚጫወተው የለም" ብሎ ከነሳጥኑ አመጣልኝ። ወፍራም መጽሐፍ፣ ገጹ የሚያብረቀርቅ፣ በየምዕራፉ ሥዕል፣ ከውስጡ በትንሽ ከረጢት የታሰረ ቀይና ሰማያዊ ዳይስ።

መምህሩ ሠንጠረዦቹን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ግማሹ መጽሐፍ ድግምት መሆኑን ስነግረው "ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው" አለ፤ ያ ሁሉ በጌታ ነኝ ማለት የት እንደገባ እንጃ። ልብስ ሰፊው ዳይሱን ወደ መስኮቱ አንስተው በብርሃን አዩትና "በሉ እንግዲህ፣ አዝራሮቼ ጡረታ ወጡ" አሉ። ወንድሜ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብሎ ገለጠ።

"ያምራል" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ "ስለ ጫማ ግን የለውም" አለ።

እንግሊዝኛው ከበደው። እኔን አይከብደኝም፣ ይህንንም ሰው እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ስለዚህ ዳኛ እኔ ሆንኩ። ወንበሩን ራሱ ተነስቶ ለቀቀልኝ። ደስ አለኝ፤ አምስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ዓይኔን ጥዬ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጨዋታው ግን ሌላ ሆነ። ድሮ ድልድዩ ይችለን እንደሆነ ለማወቅ በዱላ መምታት፣ ድንጋይ መጣል፣ እንጨቱ ከስር በስብሶ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ማየት ነበረብን። ወንድሜ ይጠይቀናል፣ እኛ እናስባለን። አሁን ዳይስ መጣል ነው፤ ቁጥሩ ይነግርሃል። የወንድሜንም ወታደር ወደ አዲሱ እትም ለማዛወር መምህሩ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲደምር ሲቀንስ ዋለ። ያ ሁሉ መንገድ የመራን ሰው እንደ ትናንት ምልምል ሆኖ ወጣ።

"ወንዝ ማሻገሩስ የት ነው የሚጻፈው?" አለ ወንድሜ።

መምህሩ ሠንጠረዡን እንደገና አየና "ለሱ ቦታ የለውም" አለው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ገደል ስር አድፍጠው የሚጠብቁን ሽፍቶች ነበሩ። ዳይሱን የጣልኩት እኔ ነኝ። የወንድሜ ወታደር ቀስት ደረቱ ላይ ተሰክቶ ወደቀ። ማናችንም አልደነገጥንም፤ ስንት ጊዜ ወድቆ ተነስቷል። ወንድሜ በልማድ እጁን ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ቆርቆሮው ሰደደ።

እኔ መጽሐፉን ገለጥኩ። ገጹን አገኘሁት። በዚያ በምኮራበት እንግሊዝኛዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ከዚያ ተረጎምኩ። ቁስሉ ከዚህ ቁጥር ካለፈ ሰውየው ሞቷል፣ ይላል።

"ኧረ እንሳበው" አሉ ልብስ ሰፊው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። "እኔ ቅርብ ነኝ፣ በእግሩ ይዤ እጎትተዋለሁ።"

"በዚህ መጽሐፍ መሳብ የሚባል ነገር የለም" አልኳቸው።

"ሕጉ ግልጽ ነው" አለ መምህሩ።

ወንድሜ እኔን አየኝ። "አታነሱትም?"

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። መጽሐፉን መዝጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን ዳኛ ነበርኩ፣ ትክክል ነበርኩ፣ ትክክል ስሆን ደግሞ ማንም አይመልሰኝም።

"ወንድም ጋሼ፣ ሞቷል እኮ" አልኩት።

"ሞቷል" አለ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጨዋታው እስኪያልቅ ተቀምጦ ጠበቀ፣ እንግዶቹን እስከ በሩ ሸኘ፣ ከዚያ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንደ መጀመሪያው ዓመት።

ያን ሳምንት ያላደረግሁት የለም። ሐሙስ ማታ ደብተሩንና ቆርቆሮውን እግሩ አጠገብ አስቀምጬ "አጥፍቻለሁ፣ በድሮው እንጫወት፣ መጽሐፉን ለመምህሩ እሰጠዋለሁ" አልኩት። አለቀስኩም። ደብተሩን አንስቶ የመጀመሪያውን ገጽ ካየ በኋላ መለሰልኝ።

"አንቺዬ፣ ዳኛ ነሽ፣ ፈርደሻል" አለኝ። "አምስት ዓመት አዝራር አስወጣኋችሁ። እኔ እኮ ዞሬ አይቼዋለሁ፣ አይነሳም ነበር። እናቱ ግን በየወሩ ይጠይቁኛል።" ቀጥሎም "እሁድ ጠዋት መርዶ እንሄዳለን" አለ።

መርዶ ብቻውን የሚሄድ የለም፣ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊው ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፉ እሺ አሉ። ቅዳሜ ዕለት ሱቃቸውን ዘግተው ብስራተ ገብርኤል ሄዱና ለጎረቤቶቹ በዝግታ ነግረው መጡ። መምህሩም "እኔም አለሁ" አለ። እሁድ ጎህ ሲቀድ አራታችን ወጣን። ወንድሜ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ልክ በጨዋታው እንደምንሄደው ተሰልፈን እንደነበር ያስተዋልኩት መንገድ ላይ ነው።

የጓደኛው እናት በሩን ራሳቸው ከፈቱ። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጎረቤቶቹ ከኋላዬ፣ በዚያ ሰዓት ቆመን ሲያዩን ማንም ምንም መናገር አላስፈለገውም። ጮኹ። ሴቶቹ ያዟቸው። ያን ጩኸት የምናገርበት አቅም የለኝም፤ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ የተጠራቀመ ነው።

ፀሐይ ወጥታ ድንኳኑ መተከል ሲጀምር፣ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ወንድሜን ጠሩት። አጠገባቸው ተንበረከከ።

"አብረኸው ነበርክ?"

"አብሬው ነበርኩ እማማ።"

"ማን አነሳው?"

ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አዩ። መምህሩ ከንፈሩን ነከሰ። ወንድሜ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ልክ በዚያ ቅዳሜ እንዳየኝ አድርጎ።

"እሱ ነው ያነሳው፣ እማማ" አልኩ። "ወንድሜ ነው ተሸክሞ ያወጣው። በክብር ነው የቀበሩት።"

የወንድሜን እጅ ይዘው መዳፉን ሳሙት። ደጋግመው ሳሙት። እሱ እጁን መሳብ አልቻለም።

ከቀትር በኋላ ወደ መካኒሳ በእግራችን ስንመለስ ሁለቱ ወደኋላ ቀርተው ነበር።

"ለምን እንደዚያ አልሻቸው?" አለኝ።

"በደብተርህ ፈርጄ ነው" አልኩት። "የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን።"

ጥቂት ሄድን።

"ዘገየሽ፣ አንቺዬ" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እጁን፣ ያን የተሳመውን፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ እስከ ቤት አላወጣውም።