ጋሽ አድማሱ የቆሙበት በር

በቀደም ከሰዓት በኋላ ቦንጋ ላይ በረዶ ጣለ። በበልግ በረዶ መጣሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዚያን ዕለቱ ግን እንደ ጠጠር የጠነከረ ነበርና የቤታችን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ልጄ ከጓዳ ስትወጣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ቆሜ አገኘችኝ። ከመቀመጫዬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው በሩን የያዝሽው?» አለችኝ።

በረዶው አባርቶ ሻይ አፈላን። ከዚያ በኋላ ነገርኳት።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ የትምህርት አመራር ማስተርሴን እማር ነበር። ነገ ርዕሰ መምህር ትሆናላችሁ ተብለን ከየወረዳው የተሰበሰብን አስተማሪዎች፣ የጫማችን ጭቃ ሳይደርቅ ክፍል ገብተን ስለ ራዕይ፣ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ፣ ስለ ግጭት አፈታት እንማራለን። እኔ ግጭት አፈታትን እወደው ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲስሉት ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ የሚሸሸውም፣ የሚግባባውም፣ በጉልበት የሚያሸንፈውም በየሳጥኑ ይቀመጣል።

በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ከዋጫ ራቅ ብሎ ጫካ ውስጥ ወዳለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ አድማሱ የዚያው ቀበሌ ተወላጅ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ተማሪ ሲያረፍድ አይቆጡም፤ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል፣ እሱ ይበቃዋል። በመጣሁ ሰሞን እህታቸው እትዬ አስካለ ቤት ወስደውኝ ቆጮ በጎመንና በቅቤ በላን። እጄን ያስታጠበኝ የእትዬ አስካለ ልጅ ብርሃኑ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ሊስቅ የተዘጋጀ። ውኃውን እያፈሰሰ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይሄን አስታውሱልኝ» አለኝና ቤቱን አሳቀው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ቡናው ቀልቷል። የብርሃኑ አባት ገብሬና የጎረቤቱ ቤተሰብ በጫካ ቡና ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ገብቶ ሳይሆን ቀርቷል። የዚያ ጎረቤት ልጅ ተካ ከብርሃኑ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የአባቶቹ ጠብ ሲከር ተካ ወንበር ቀየረ። እኛም አየን፤ ልጆች ናቸው፣ ያልፋል አልን።

በትምህርት ቤቱ ልማድ የግቢው ሣር የሚመነጠረው በዚያ ወቅት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ተማሪዎቹ ገጀራ ይዘው መጡ። ረፋዱ ላይ ብርሃኑ ስለ ተካ አባት አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ሦስት ዓይነት ወሬ ነው የሰማሁት። ተካ ገፈተረው፤ ብርሃኑ በቡጢ አፉን መታው። እኔ እየሮጥኩ ሳልደርስ ተካ ገጀራውን አነሳ። የብርሃኑ አንገትና ትከሻ መካከል ነው ያረፈው። ድምፁን አስታውሳለሁ፤ የእንሰት ግንድ ሲቆረጥ የሚሰማ ዓይነት እርጥብ ድምፅ። ብርሃኑ ተንበረከከ፣ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፣ ደሙ በጣቶቹ መካከል ዘለለ።

ተካ አልሸሸም። ገጀራውን እንደያዘ ቆሞ ያያል። ጋሽ አድማሱ መጥተው ገጀራውን ከእጁ ወሰዱ፤ ኮታቸውን አውልቀው የእህታቸውን ልጅ አንገት ጠቅልለው አሰሩ። እሪታ ሰምታ የመጣችው እትዬ አስካለ የልጇን እግር ይዛ፣ አስተማሪዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዋጫ ጤና ጣቢያ ሮጡ። አንዱ መምህር ለፖሊስ ሊደውል ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አብረው አይሄዱም?» አልኳቸው።

«እኔ ከሄድኩ ይሄን ማን ያተርፈዋል?» አሉና ወደ ተካ ጠቆሙ።

ተማሪዎቹን ወደ ቤታቸው ሰደዱ። እኔንና ተካን የመምህራን ክፍል ውስጥ አስገብተው ከውጭ ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ገብሬ፣ ወንድሞቹ፣ የሰፈሩ ጎረምሶች፤ ዱላ፣ ገጀራ፣ አንድ ሁለት ጦር። በበሩ ሳንቃ ስንጥቅ አያለሁ።

«አድማሱ» አለ ገብሬ። አልጮኸም። «ብርሃኑ መንገድ ላይ ሞተ። በሩን ክፈት።»

የጋሽ አድማሱ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። መሞቱን የሰሙት ያኔ ነው።

«ፖሊስ ተጠርቷል» አሉ።

«ስለ ፖሊስ አልጠየቅኩህም። ደምህ አይደለም ወይ?»

«ደሜ ነው።»

«እንግዲያው ክፈት።»

«ይሄ ትምህርት ቤት ነው፣ ገብሬ። ከዚህ ውስጥ ልጅ አውጥቼ አልሰጥህም።»

የመጀመሪያው ዱላ ክንዳቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ፊታቸውን መታቸው። ከዚያ በኋላ መለየት አልቻልኩም፤ ዱላ ነው፣ እርግጫ ነው፣ ስድብ ነው። ድንጋይ በመስኮቱ ገብቶ ቅንድቤን ሰነጠቀው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድንጋይ ክፍሉን ከበሮ አደረገው። የገጀራ ስለት ሳንቃውን ሰንጥቆ ጆሮዬ አጠገብ ወጣ፣ ተመልሶ ተመዘዘ። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ገፋሁ። የጋሽ አድማሱ ሰውነት በወዲያኛው በኩል ሲንሸራተት በሳንቃው ውስጥ ተሰማኝ። ወደቁ፤ ግን በሩ ሥር ነው የወደቁት፣ ከዚያም አልተነቃነቁም።

ተካ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ «ቲቸር፣ ልውጣላቸው፤ እሳቸውን ይተዉአቸዋል» አለኝ።

«ቁጭ በል» አልኩት።

ከጣራው አንድ ቆርቆሮ ገንጥለው ሰማዩ ብቅ ሲል፣ የፖሊስ መኪና ደርሶ ወደ ላይ ተተኮሰ። ሰዉ ወደ ቡናው ውስጥ ተበተነ። ገብሬ ብቻ አልሸሸም፤ ሜዳው ላይ ተቀምጦ አፈር ይዘግን ነበር። ፖሊሶቹ ጋሽ አድማሱን ከደጃፉ አንስተው፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱልን። በሕይወት ነበሩ። ግራ ዓይናቸው ግን አልዳነም።

ብርሃኑ በማግስቱ ተቀበረ። ጋሽ አድማሱ ቦንጋ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እትዬ አስካለ ሰው ላከችባቸው፤ «ለቅሶዬ ላይ እንዳይደርስ» ብላ። ወደዚያ አገር ተመልሰው አልኖሩም።

ክረምት ላይ ልምምዴን ሳቀርብ፣ መምህሩ ርዕሰ መምህሩ የተጠቀሙት የግጭት አፈታት የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። ከሰሌዳው ሳጥኖች አንዱን ለመጥራት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። መምህሩ ቅንድቤን አዩና «ተቀመጪ» አሉኝ በቀስታ።

ተመርቄ ርዕሰ መምህርት የሆንኩ ጊዜ ማር ይዤ ጋሽ አድማሱን ልጠይቅ ሄድኩ። እንደዚያ ባለ ቀን የሚያስፈልግ ድፍረት ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው።

«አስካለ ከቃሬዛው ጋር ባትሄድ ኖሮ» አሉኝ፣ «እሷ በሩ ላይ መጥታ ‹ወንድሜ፣ ክፈት› ብትለኝ ኖሮ እከፍት ነበር። እነሱ ዱላ ይዘው መጡ። ዱላው ቀለለኝ።»

ለልጄ እስከዚህ ነገርኳት። ተካ እስሩን ጨርሶ ዛሬ ቢታ ገነት ከተማ ውስጥ ልጆች እያሳደገ ነው። ጋሽ አድማሱ አርጅተዋል፤ እህታቸው አሁንም አታናግራቸውም። እኔ አሁን ለአዳዲስ ርዕሳነ መምህራን በክረምት ስልጠና እሰጣለሁ፤ በሩ እንዳልተከፈተ ስነግራቸው በአድናቆት ያዳምጡኛል። የእትዬ አስካለን ነገር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። እሷ መጥታ፣ እሳቸውም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ በሩን መግፋቴን እቀጥል ነበር ወይስ ዞር እልላቸው ነበር? ልጄ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አሰብኩ።