ከል የገባው ቀሚስ

ልዕልት ሳህሌ ሰውን የምታስታውሰው በስሙ ሳይሆን በለበሰው ነበር። ቀን ቀን አቃቂ በሰቃ ባለች አንዲት ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሥራ ስትጨርስ ደግሞ ጎረቤት ያለው የውበት ሳሎን ጎራ ብላ፣ በዲሽ የሚመጣውን የፋሽን ጣቢያ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ቆማ ታያለች። የሞዴሎቹ ስም አይያዝላትም። ለቀሚሶቹ ግን ራሷ ስም አውጥታላቸዋለች፤ ጀርባዋ እስከ ወገብ የተከፈተችው አረንጓዴ «እሜቴ»፣ ከአንድ ትከሻ ብቻ የምትወርደው ቀይ «ኩሩዋ»። ከሁሉም ግን አንዲት ነጭ ቀሚስ እንቅልፍ ነሳቻት፤ ያለ ምንም ጌጥ ከደረት እስከ ጉልበት ልክክ ብላ ወርዳ፣ ከጉልበት በታች የምትበተን። ያቺን ያየች ዕለት ራት አልበላም ብላ ተኛች። እናቷ ወባ መስሏቸው ግንባሯን ዳሰሱ።

በሚሌኒየሙ ዓመት ቦሌ ያለ አንድ የዲዛይነር ቤት ሰው ሊቀጥር ፈልጎ «የራሳችሁን ሥራ ለብሳችሁ እሑድ ጠዋት ኑ» ሲል በሬዲዮ አስነገረ። ልዕልት ኪስና ኮሌታ ስትገጥም ዓመታት ነጉደዋል። ይህች እሑድ ካመለጠችኝ እዚሁ አረጃለሁ አለች፤ እውነቷንም ነበር። ከሰፈሯ ጨርቅ ሻጭ ከሞሚና ሱቅ ነጭ ሳቲን ገዝታ፣ እየሰፋች እየፈታች፣ እየፈታች እየሰፋች፣ ያቺን የቴሌቪዥኗን ቀሚስ ለራሷ አወጣቻት። ከዚያ ቀሚሱን አንሶላ አልብሳ ጓዳ ውስጥ ሰቀለችው።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ አቶ ሳህሌ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው፣ ፊታቸውን ሊታጠቡ እንደወጡ በር ላይ ወድቀው ቀሩ። ዓርብ ተቀበሩ፤ ሠልስቱ እሑድ ላይ ዋለ።

ልዕልት ድንኳን ውስጥ ኩርምት ብላ የምታስበው፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ አባቷን አልነበረም። ማልዳ ወጥታ ለቀስተኛው ሳይበዛ ብትመለስስ? ማን ልብ ይላታል? አባቷስ ቢሆኑ፣ ቢጠየቁ ኖሮ «ሂጂ» አይሏትም ነበር? ዕንባ አልመጣላትም፤ ሰው ደግሞ የእሷን ዓይን ያያል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጓዳ ገባ ብትል አንሶላው መሬት ላይ ወድቋል። ሮጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ጎረቤታቸው እትዬ አደሴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በትልቅ ብረት ድስት የሚፈላውን ጥቁር ቀለም በእንጨት ያማስላሉ። የሐዘንተኛን ልብስ ከል መንከር የጎረቤት ወግ ነው፤ ባለልብሱን ማንም አያስፈቅድም። የእናቷ ነጠላ፣ የእሷ ሹራብና ጉርድ ገመዱ ላይ ተሰጥተው ይንጠባጠባሉ። ከዳር ደግሞ ቀሚሱ። ሳቲኑ ቀለሙን በወጉ አልጠጣውም፤ እዚህ ጠቁሯል፣ እዚያ አመድ መስሏል፣ ጫፉ ተኮማትሮ ጉልበት ላይ ደርሷል።

«ላንቺም ነከርኩልሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ አደሴ፣ ግንባራቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «አይዞሽ፣ ሲደርቅ ይስተካከላል።»

ልዕልት እዚያው ጭቃው ላይ ተዘረጋች። ለቀብሩ ያልወጣው ጩኸት አሁን ወጣ። ደረቷን ደቃች፣ ፀጉሯን ነጨች። ሴቶቹ ከድንኳን እየሮጡ መጥተው ያዟት።

«አባቷን እንዲህ ትወድ ኖሯል!» አለች አንዷ፤ ሌሎቹም አብረዋት አለቀሱ።

ይህንን ለማን ይናገሩታል? ዋጥ አደረገችው።

እሑድ ቦሌ የተባለው ሰዓት እሷ ለሠልስት እንግዳ ውኃ ስታቀርብ አለፈ። አመሻሽ ላይ ለቀስተኛው ሲበተን ከእናቷ ከወይዘሮ ፈለቀች ጋር ፍራሹ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ልዕልት መሸከም አቃታት።

«እማዬ፣ ትናንት ያለቀስኩት ለአባዬ አይደለም። ለቀሚሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እናቷ፣ ቀና ሳይሉ። «ከጓዳ አውጥቼ ለአደሴ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ልዕልት ዞራ አየቻቸው።

«ስትለኪው በበሩ ቀዳዳ አይቼሻለሁ። እንዴት አምሮብሽ ነበር! እነዚያ የቦሌ ሰዎች አንዴ ካዩሽ አይለቁሽም። እሱ ሄደ፤ አንቺም ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልቅር?»

ልዕልት ተነስታ ልትወጣ ስትል ወደ ኋላ ተሳበች፤ እናቷ የጉርዷን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ነበር። ቀስ ብላ ጎተተችው። አልለቀቁም።