አባቴ ጓሮውን ሲለካ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ተመልሶበት አያውቅም፤ አንድም ሰው ደግሞ ልብሱን በቀጠሮው ቀን ተቀብሎት አያውቅም። ደንበኞቹ «ነገ ና» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሙሽራ ደጅ ላይ መኪና አስነሥቶ እየጠበቀው ቁልፍ ሲተክል በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሙያውንስ ማን ይክደዋል! ግን ጨርቁን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ይለካል፣ መቀሱን ያነሣና መልሶ ያስቀምጣል። ልጁ ስለሆንኩ እሱን ማማት መብቴ ነው።

ወደ አዲሱ ቤት የገባነው እናቴ የዐይን ግፊት ይዟት፣ ማየቷ ከዳር ከዳር እየጠበበ በመጣበት ሰሞን ነው። የድሮው ቤታችን ደረጃ ሁለት ጊዜ ጥሏታል። አዲሱ ደረጃ የለውም። ጓሮው ግን፣ ወይ ጉድ! ሐረጉ አጥሩን ውጦታል፣ እሾሁ የኋላ በሩን ደፍኖታል፣ አረሙ ደረት ይደርሳል። ከመሃሉ አሮጌ ባልዲና እግሩ የተሰበረ ወንበር ብቅ ብሏል።

ሐኪሙ «አራት ወር፣ ቢበዛ አምስት፤ ከዚያ በኋላ ታያለች ብዬ አልዋሻችሁም» ብሎን ነበር። እናቴ ዕቃ ባወረድንበት ቀን ጥሻውን አየችና ሳቀች። «እንግዲህ እዚህ ውስጥ አንድ አበባ አይቼ ብታወር አይቆጨኝም» አለች። ቀልዷን ነው። አባቴ ግን ቀልድ መቼ ያውቃል? ትእዛዝ ተቀበለ። በማግስቱ ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ ጥሻው ውስጥ ገባ።

ገባ ስላችሁ ማጭድ ይዞ እንዳይመስላችሁ። የስፌት ሜትሩን ይዞ ነው! እሾሁ ሸሚዙን እየቦጨቀው ከአጥር እስከ አጥር ለካ። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ የልብስ ቅድ የሚያወጣበትን ወረቀት ዘርግቶ ጓሮውን ይነድፍ ጀመር። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። «መንገዱ በዚህ በኩል፣ እናትሽ ሰው ሳትይዝ እንድትሄድበት» ይለኛል። «ቀዩ አበባ ከፊት፣ ቢጫው ከኋላ፣ ቢጫ ከሩቅ ይታያታልና።» እያንዳንዱን መደብ እንደ እጅጌ፣ እንደ ኮሌታ ለየብቻው በወረቀት ቆረጠው። ከዚያ አልጣመውም፤ ቀደደውና ሌላ ወረቀት ዘረጋ። አንድ ወር እንዲህ ሄደ።

እናቴ ከሶፋው ላይ ትጠራዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ አጠገቤ ተቀመጥ።»

«መጣሁ፣ ይቺን መስመር ልጨርስ» ይላታል። ቀና እንኳ አይልም።

በሁለተኛው ወር ትዕግሥቴ አለቀ። ማጭድ ተውሼ የኋላ በሩ ላይ ያለውን አረም ማጨድ ጀመርኩ። ሁለት እቅፍ ሳልጥል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሳይነደፍ ይቆረጣል?»

«አባዬ፣ ይሄ ጨርቅ አይደለም፣ አረም ነው! እማዬ ትናንት ብርጭቆውን ስታ ውኃውን ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው። አይታይህም እንዴ?»

ክንዴን ለቀቀኝ። «አውቃለሁ» አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታየው። ካበላሸሁት መቼ አርመዋለሁ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፈርቷል። እሱ ወረቀቱን እስካልጨረሰ ድረስ ዐይኗም እንደ ደንበኛ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው መስሎታል። አረሙ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። አንተስ ሰው አይደለህም ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ማጭዱን ያነሣው ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ነው። ከዚያማ አትጠይቁኝ! እሱ፣ እኔና የሱቁ ሠራተኛ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሐረግ ስንነቅል፣ ሥር በዶማ ስንፈነቅል ወገባችን ተቆረጠ። በመርፌ የኖረ እጅ ዶማ ከየት ያውቃል፤ የአባቴ መዳፍ ተልጦ ደም በደም ሆነ። መደቦቹን በክር አሰመረ፣ ችግኙን አንድ በአንድ እየለካ ተከለ። ጓሮው ቁርጥ ወረቀቱን መሰለ። ያምራል፣ እውነቴን ነው። አበባ ግን በሰው ጥድፊያ አይፈነዳም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ፒጃማውን እንደለበሰ አጎንብሶ እንቡጧን ሲለምን እሰማው ነበር። «እባክሽ» ይላታል፣ «እባክሽ፣ በሞቴ።»

የመጀመሪያዋ ቀይ የፈነዳችው አምስተኛው ወር ሲጋመስ ነው። አባቴ እየሮጠ ገብቶ እናቴን እጇን ይዞ አወጣት። መደቡ ፊት አቆማት።

«ይኸውልሽ! ታየሽ?»

ፊቷ ወደ አጥሩ ነበር።

«እዚህ ጋ፣ ዝቅ በይ፣ ዝቅ...» እጇን ወስዶ አበባዋ ላይ አስቀመጠው።

«ማየት ካቆምኩ ዛሬ ስምንት ቀኔ ነው» አለች። «እንዲያ ስትለፋ እየሰማሁ እንዴት ልንገርህ?»

አባቴ እርጥቡ አፈር ላይ ቁጭ አለ። «ዘገየሁብሽ» አለ። «ስምንት ቀን! ወይኔ! በስምንት ቀን አበባሽን አስቀረሁብሽ።»

እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራው አታውቅም። ያን ቀን ጮኸችበት።

«አበባ ማን ጠየቀህ? ና አጠገቤ ተቀመጥ ነው ያልኩህ! ዐይኔ ሳይጠፋ ፊትህን ልጥገበው ብዬ ነው ስጠራህ የከረምኩት። አንተ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ከረምክ።»

አባቴ ተነሣ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ፊት ለፊቷ ቆመ። ፊቱን ከፊቷ አንድ ስንዝር አድርሶ፣ የምታየው ይመስል ጠበቀ።