የመምህር ኩሪያን መርዶ

መምህር ኩሪያን ከህንድ አገር፣ ከኬረላ መጥቶ እንጅባራ ላይ ሒሳብ ሲያስተምር ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አገሩ ሙቀት ነው። እንጅባራ ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ የመጀመሪያውን ክረምት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ነው ያለፈው። ሰው ቤት ሲጋበዝ «በቃኝ» ማለት እንደማያዋጣ፣ ጉርሻ ሲመጣ በእጅ ሳይሆን በአፍ መቀበል እንደሆነ ቀስ እያለ ለመደ። ክርስቲያን ነኝ ሲል ያመነው አልነበረም። በኋላ እሑድ እሑድ ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ሲቆም ቢያዩት ጊዜ ቦታ ይለቁለት ጀመር።

ሚስቱ ሶሳማ አገሯ ነበረች። ሦስት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር የተስማሙት።

በሰኔ 1955 ዓ.ም. ከወንድሙ ደብዳቤ ደረሰው። «ሶሳማ ታማለች። ትኩሳቱ አልለቀቃትም፤ ሐኪም ቤት አስገብተናታል» ይላል። የተጻፈው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። በአምስት ሳምንት ሰው ይድናል፤ አለዚያም አይድንም። ኩሪያን በማግስቱ የሁለት ቀን ፈቃድ ለምኖ፣ ቴሌግራም ሊልክ በእህል ጭነት መኪና ወደ ዳንግላ ተነሣ።

መኪናው አዲስ ቅዳም ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ድንጋይ ቢያነጥፉለትም፣ ቢገፉትም ንቅንቅ አላለም።

«መምህር፣ ይህ ዛሬ አይወጣም» አለው ሾፌሩ። «እግርዎን ቢያምኑት ይሻላል።»

ኩሪያን ቦርሳውን ጃንጥላው ሥር ሸጉጦ ብቻውን መንገድ ጀመረ። አዲስ ቅዳምን አልፎ ብዙ ከሄደ በኋላ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ደረሱበት፤ ሌላ ፈረስ ይስባሉ። አዝመራው ይባላሉ፤ የሚስቡትን ፈረስ ዳንግላ ገበያ ሊሸጡት ነው።

«በዚህ ጫማ ዳንግላ ልትደርስ ነው?» አሉት። «ፈረስ ትችላለህ?»

«አይችልም» አለ ኩሪያን።

ሽማግሌው ሳቁ። «ማን ነው የማይችለው? አንተ ነህ ወይስ ፈረሱ?» ከዚያ ትከሻውን መታ አደረጉት። «አይዞህ። እኔም አገው ነኝ፤ አማርኛ የተማርሁት ገበያ ለገበያ ነው። ስንቱ ሲስቅብኝ ኖሯል!»

ደግፈው አወጡት። ኩሪያን የፈረሱን አንገት እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄዱ፣

«ምን አስቸኮለህ ግን?» አሉት።

«ሚስቴ ታማለች።»

አዝመራው ሳቃቸውን አቆሙ። «እግዜር ይማራት» አሉና ከፈረሳቸው ወረዱ። እሱ እንዳይወድቅ ልጓሙን በእጃቸው ይዘው እስከ ዳንግላ በእግራቸው መሩት።

ቴሌግራም ቤቱ ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሆኗል። ሠራተኛው ሀብቱ የሚባል ወጣት ነው። ኩሪያን ስሙን ሲነግረው የሀብቱ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ለኩሪያን ከአገሩ የተላከ ቴሌግራም የዚያኑ ዕለት ጠዋት ገብቶ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መኪና ሲጠበቅለት ነው የዋለው። ሶሳማ ሞታ ተቀብራለች።

ሀብቱ ቀና ብሎ አየው። ልብሱ በዝናብ ረጥቧል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ አጠገቡ አንድም ዘመድ የለም። ለእንዲህ ያለ ሰው፣ ያውም በመሸበት ሰዓት፣ መርዶ አይነገርም። መርዶ ማለዳ ነው፤ የሚደግፍ ሰው ተሰብስቦ ነው።

«መስመሩ ዛሬ አልሠራ ብሏል፤ ነገ ጠዋት እንሞክራለን» አለ ሀብቱ። «እኛ ቤት ይደሩ።»

እናቱ ወይዘሮ በቀለች እግሩን አጠቡት፣ ደረቅ ጋቢ አለበሱት፣ ራት አቀረቡለት። ሀብቱ በጆሯቸው ሹክ ብሏቸዋል።

«ብላ ልጄ፤ ጨርሰው። ለነገ ጉልበት ይሁንህ» እያሉ ደጋግመው አጎረሱት።

ኩሪያን ሞቀውና ጨዋታ ጀመረ። ፈረሱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በእጁ እያሳየ፣ «አይችልም» ያለውን እየደገመ ሳቀ። ሀብቱም አብሮት ሳቀ። ወይዘሮ በቀለች ዓይናቸውን ሲጠራርጉ አይቶ ጭስ ነው ብሎ አሰበ።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ኩሪያን ከፈተው። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንድ ቄስ አሉ። አምና እንጅባራ ላይ የጎረቤቱ ልጅ ሞቶ፣ ኩሪያን ራሱ እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር በማለዳ ሰው ደጅ ቆሞ ነበር። ማንም አፉን ሳይከፍት፣

«ስንት ቀን ሆናት?» አለ።

ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። የሚወድቅ መስሏቸው ግራና ቀኝ ያዙት። ደረቷን የምትመታ አንዲት ሴት በለቅሶው መሐል፣

«ስሟ ማን ነው? ምን ትመስል ነበር? ንገረኝና ላልቅስላት» አለችው።

ስሟን ተናገረ። ሌላው ግን አልመጣለት አለ። የነበረው የገበያና የጥቁር ሰሌዳ አማርኛ ነው።

«ረጅም» አለ። «ጥሩ ሰው። በጣም ጥሩ» አለ።

ከዚያ በገዛ ቋንቋው ብዙ ተናገረ። አንዲቱንም ቃል የሰማለት የለም። ወሬ ሰምተው የመጡት አዝመራው ራሳቸውን ይዘው በአገውኛ ያለቅሱ ነበር።

ለቅሶው ረገብ ሲል ኩሪያን ሀብቱን ጠራው።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ መምህር።»

«እኔ ሳቅሁ። እሷ ሞታ እኔ ሳቅሁ። አንተ ቁጭ ብለህ አየህ።»

«ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው» አለ ሀብቱ።

ኩሪያን ትቶት ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን እንጅባራ ተመለሰ። እዚያም ሰው ቤቱን ሞልቶ ተቀመጠለት፤ እሱም የመጣውን ሁሉ ተነሥቶ ተቀበለ። የተማሪዎቹን ፈተና አረመ። ቀሪውን አንድ ዓመት አስተምሮ አገሩ ገባ። ከኬረላ ለወይዘሮ በቀለች ሁለት ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ስለ ጋቢው፣ ስለ እግር ውሃው አመሰገናቸው፤ ጤናቸውን ጠየቀ። ማንበብ ስለማይችሉ ሁለቱንም ያነበበላቸው ሀብቱ ነበር። በሁለቱም ላይ የሀብቱ ስም አልነበረም።