የተዘለለችው አሥራ አንድ

ልጅ ሳለሁ የሰው ወሬ ቶሎ አላምንም ነበር፤ እናቴ ሥራ አግኝታ ጎንደር ወረደች ከተባልኩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። መካነ ብርሃን ከአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከአያ ተሰማ ቤት ቀረሁ። አያ የአጽዋማትና የበዓላትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያስተምሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ።

ያኔ ማታ ማታ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ሲለበልበው፣ ተረታቸው ስለ ቁጥር ነበር።

«መናኝ ቁጥሮች አሉ፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ምንም እኩል አያካፍላቸውም። አንዲት ሽንብራ ያዢ። ሁለት ጊዜ እጥፍ አድርጊ፣ ሁለት ከዚያ አራት ትሆናለች፤ አንድ አንሺ፤ ሦስት። ሦስት ጊዜ እጥፍ አድርጊና አንድ አንሺ፤ ሰባት። አምስት ጊዜ ሠላሳ አንድ፣ ሰባት ጊዜ መቶ ሃያ ሰባት፣ አሥራ ሦስት ጊዜ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አንድ። የእጥፉ ብዛት መናኝ ከሆነ ውጤቱም መናኝ ነው!» ይሉና እንቆቅልሽ ይጠይቁኛል። መልሱ ሲጠፋኝ እንደ ደንቡ አገር እሰጣለሁ። ማክሰኝትን ሰጠሁ፣ እንፍራንዝን ሰጠሁ። አንድ ማታ ጎንደርን ጠየቁኝ።

«እሱንስ አልሰጥም! እማዬ አለችበት።»

አያ ኩራዙን እፍ ብለው አጠፉና «በይ ተኚ» አሉኝ። እንዲያ ያለ ችኮላ ደግሞ አልወድም። ተኝቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ድንገት ትዝ አለኝ፤ ከሰባት ወደ አሥራ ሦስት? አሥራ አንድስ፣ እሷም መናኝ ሆና ሳለ፣ የት ገባች?

በማግስቱ ከሰል ይዤ ከበሩ ጀርባ ማስላት ያዝኩ። አሥራ አንድ ጊዜ እጥፍ፣ አንድ ሲነሳ፣ ሁለት ሺህ አርባ ሰባት። በሦስት እንቢ፣ በሰባት እንቢ፣ በአሥራ ዘጠኝም እንቢ። በሃያ ሦስት ሳካፍለው ግን አንድም ሳይተርፍ ሰማንያ ዘጠኝ ወጣ። ምን መናኝ ነው እሱ!

ማታ ላይ፣ «አያ፣ ምነው አሥራ አንድን ዘለሏት?» አልኳቸው።

«ተረቴን ታበላሽብኛለች ብዬ ነው» አሉ እየሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። «ሌላስ ምን ዘለሉ?»

ፍሙን ቆሰቆሱና፣ «እናትሽ ሥራ ላይ አይደለችም፣ ልጄ። ታማ እዚያው ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝታለች። እንዳይነግሯት ብላ አስምላኝ ነው» አሉ።

«ውሸታም!» አልኳቸው፤ ታላቅ ሰው መሆናቸውን እንኳ ረስቼ። አልተቆጡም። ሲነጋ በማኪና ይዘውኝ ወረዱ።

እናቴ ከስታ አልጋው ውስጥ ጠፍታለች፤ እጇ ግን ይሞቅ ነበር። «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ» አልኳት። ግራ ገብቷት ሳቀች፤ አጠገቧም አስተኛችኝ። አያ ቀኑን አስልተው የነገሩን ፋሲካ ሳይደርስ አረፈች።

ዛሬ በኮምፒውተር፣ በዚያው በእጥፍ መንገድ፣ ተጽፎ የማያልቅ መናኝ ቁጥር ተገኘ ሲባል እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው በመሃል የትኛው እንደተዘለለ ነው። ሰው ሲያወራኝም እንዲሁ ነኝ፤ ባሌ በዚህ ይማረርብኛል፣ ይማረር።

አያ ከዚያ በኋላ ብዙ እንቆቅልሽ ጠየቁኝ፣ ብዙ አገርም ወሰዱብኝ። ጎንደርን ግን ዳግመኛ ስጪኝ አላሉም።