ማንም ያልመጣበት ደቦ

መምህርት ታንጉት ስትናደድ አትጮህም፤ ድምፅዋ ይቀንሳል። ቡሬ ላይ በምታስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ቲቸር ስትጮህ ይሳቃል፤ ቲቸር ስታንሾካሽክ ግን የኋላ ወንበር ሳይቀር ቀጥ ይላል። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምራ ስታንሾካሽክ ነው የከረመችው።

የንዴቷ መነሻ ታናሽ ወንድሟ ክንዱ ነው። ክንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ አገር አቀፉን ፈተና ወድቆ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ መንዳቱ አይደለም ያናደዳት። አንድ እሑድ ልትጠይቀው ሄዳ የወደቀበትን የእንግሊዝኛ ፈተና ከቦርሳዋ አወጣችና፣ «እስቲ ይችን አንብብልኝ» አለችው። ጎማ ማጠቡን ተወት አድርጎ አንዴም ሳይደናቀፍ አነበበላት። ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ነበር።

«ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ እታለም። አንብብ አልሽኝ፣ አነበብሁ። ምን ይላል ሌላ ጥያቄ ነው።»

«ታዲያ ጥያቄውን በምን መለስህ?»

«ጥያቄው ላይ ያለውን ቃል ጽሑፉ ውስጥ ትፈልጊያለሽ፤ ስታገኝው መስመሩን ትገለብጫለሽ። ምርጫ ከሆነ ረዥሙን ታከብቢያለሽ።» ሳቀ። «እንዲህ ነው ያስተማሩን። አንችም እንዲህ ሳታስተምሪ አትቀሪም።»

ወደ ቡሬ በሚኒባስ ስትመለስ ያች የመጨረሻዋ ቃል እንደ እሾህ ትወጋት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። ጎጃም ንባብና ትርጓሜ የየራሳቸው ቤት ያላቸው አገር ነው። የቆሎ ተማሪ መጀመሪያ ንባቡን ያደርሳል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ትርጓሜውን ግን ዓመታት ቆይቶ፣ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ ነው የሚማረው። ሥርዓቱ ጥበብ አለው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ትርጓሜ ዐወቅሁ ብሎ አይመጻደቅም። ታንጉት የደረሰችበት ነገር ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛው የንባቡ ቤት ተሠርቶ የትርጓሜው ቤት ተረስቷል። ልጁ አንድ ቤት ውስጥ ቁሞ ሁለቱንም የጨረሰ ይመስለዋል። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው ያልተሠራውን ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የንባብ ትምህርት ጀመረች። ምንባቦቹን ራሷ በቀላል እንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ስለ ዕድር፣ ስለ ማኅበር፣ ስለ ሽምግልና፣ ስለ በርበሬ ገበያ። አሳቧ ደስ የሚል ነበር። አንባቢ ከግማሽ የማያንሰውን ከራሱ ነው የሚያመጣው። ባቡሩን በሕልሙም አይቶት የማያውቅ ልጅ ከቃሉም ከነገሩም ጋር አብሮ ይታገላል፤ ስለ ዕድር ሲያነብ ግን ነገሩን ስለሚያውቀው የሚታገለው ከቃሉ ጋር ብቻ ነው። እውነትም ውጤቱ ከሳምንት ሳምንት ከፍ አለ።

የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው መምህር ጌታሁን ግን አልተዋጠለትም። «ልጅ ታንጉት፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ፈተናው አቋራጭ አለው» ይላታል። አቋራጩ ክንዱ የነገራት ነው። ጌታሁን ያችን የቅዳሜ ክፍል ለአቋራጩ ይፈልጋታል፤ ርእሰ መምህሩ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ይዩና ይወስኑ ብለዋል። የተስማሙት በዚህ ነው። ልጆቹ ጥሩ ካመጡ ቅዳሜው የታንጉት ይሆናል፤ ካላመጡ የጌታሁን።

ሱፐርቫይዘሩ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀር የኮፒ ማሽኑ ጉድ አመጣ። ጥያቄው በፊት፣ ምንባቡ በጀርባ መታተም ነበረበት። ታንጉት ወረቀቱን ስትሰበስብ ያምሮት የምትባለው ተማሪ አንድም አልሳተችም፤ የወረቀቷ ጀርባ ግን ነጭ ነው።

«ፓሴጁ የታል?»

«የለውም ቲቸር። ባዶ ነው የደረሰኝ።»

«በምን መለስሽ?»

ያምሮት ጥያቄው ራሱ ገረማት። «ስለ ዕድር አይደል? ዕድርን ማን ያጣዋል?»

ታንጉት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ከፍ ያለ ውጤት በዐይኗ ፊት ተናደ። ልጆቹ አላነበቡም። አገራቸውን ነው የመለሱላት። በጌታሁን ተናደደች፣ በኮፒ ማሽኑ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ግን ራሷ የሠራችው የትርጓሜ ቤት በር ስለሌለው ተናደደች። ያነበበም ያላነበበም እኩል ይገባበታል።

ንዴቷ ሳይበርድ አዲስ ምንባብ ጻፈች። ነገሩን ክንዱ ነው አንድ ጊዜ እየሳቀ ያወራላት፤ እሷ ስሙንና መንደሩን ቀየረችው። አንድ ገበሬ ጤፉ ሲደርስለት ደቦ ጠራ። ጠላው ተጠመቀ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ማንም አልመጣም። ሰውየው ጎረቤቶቹ ደቦ ሲጠሩት አንዴ ወገቤን፣ አንዴ መንገደኛ ነኝ እያለ ሲቀር ኖሯል። ብቻውን አጨደው፤ ግማሹ ማሳው ላይ ረገፈ፤ ጠላው ኮመጠጠ።

የታወቀ ነገር ይዞ የሚነሣ፣ ግን ልማዱን ይዞ የማይሄድ ምንባብ ነው። የትርጓሜ ቤት በር ማለት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሃይለ ሚካኤል ከጌታሁን ጋር ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ዲያቆን ክንፈሚካኤል፣ የክፍሉ ድምፀ መልካም፣ ተነሥቶ ምንባቡን እንደ ዜማ አወረደው። ሱፐርቫይዘሩ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

«ጤፉን ማን አጨደው?» አለች ታንጉት።

«ጎረቤቶቹ» አለ ክንፈሚካኤል።

«ለመጡት ሰዎች ምን አቀረበላቸው?»

«ጠላና ንፍሮ።»

«አረቄም ጨምርበት» አለ አንዱ ከመስኮቱ በኩል፤ ክፍሉ ሳቀ። ጌታሁንም ሳቀ።

የታንጉት ድምፅ ወረደ። «የት ላይ አነበባችሁት? ጣታችሁን አኑሩበትና አሳዩኝ።»

ጣቶች ወረቀቱ ላይ ተንከራተቱ። ጌታሁን ለሱፐርቫይዘሩ የሆነ ነገር በጆሯቸው ሹክ አለ። ታንጉት ቅዳሜው ከእጇ ሲወጣ ይታወቃት ነበር፤ ቢሆንም መልሱን ልትነግራቸው አልወደደችም።

ያምሮት ወረቀቱን እንደ ጨበጠች ተነሣች። ፊቷ ቀልቷል። «ቲቸር፣ ይሄ ጽሑፍ ውሸት ነው።»

«እንዴት?»

«ማንም አልመጣም ይላል። ሰው የደረሰ ጤፍ ሲረግፍ እያየ ዝም ይላል? የት አገር ነው ይሄ?»

«ለምን እንዳልመጡ አይናገርም?»

ያምሮት ጎንበስ አለች። ጣቷ መስመር በመስመር ወረደ፣ ቆመ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። «እሱም ለሰው አልሄደም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ወገቤን እያለ። ቢሆንስ?»

«የት ጋ ነው ያየሽው?» ክንፈሚካኤል ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አቀረበ። «እውነቷን ነው። እንግዲያው ይበለው። የእጁን ነው ያገኘው።»

«ዲያቆን ሁነህ ይበለው ትላለህ?»

«ይቅርታ ጠየቀ የሚል እስቲ አሳይኝ።»

ሁሉም ይቅርታ የሚል ፍለጋ ወረቀቱ ላይ ተደፋ። አንዱ ሚስቱ ምን በደለች አለ፤ ሌላው ስለ ሚስት የት ተጽፏል ብሎ አፋጠጠው። ስድብም ነበረበት። ግን ልብ በሉ፣ አሁን የተናገረ ሁሉ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በዚያ ክፍል ምንባብ ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ተነሡ። «ክርክሩ ጥሩ ነው። ጎረቤቶቹ ተባብረው ማጨዳቸውም ለትውልዱ መልካም መልእክት አለው። መልሱ ላይ ግን ድክመት አይቻለሁ።»

ያምሮት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ሁለተኛውን አንቀጽ ቢያዩልኝ» አለች ታንጉት ወደ እሳቸው ቀርባ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ።

አዩት። ቆይተውም አዩት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ መምህራን ማረፊያ እንድትመጣ አሉ።

እዚያ ተቆጡ፣ ግን በጨዋ ደንብ ነው። ትምህርቱ ሊቀጥል ይችላል አሉ፤ አንድ ነገር ይስተካከል። «ጎረቤቶቹ በመጨረሻ ይቅር ብለው ይምጡ። ባህላችንን እንዲህ አድርጎ ለልጅ መስጠት አይገባም።»

«ከመጡማ ማን ያነበዋል?» አለች ታንጉት። «ሳያዩት ያውቁታል። እርስዎም አውቀውት ነበር።»

«እሺ በይ እንጂ» አለ ጌታሁን። «አንድ መስመር ናት።»

አንድ መስመር ናት። ታንጉት መስመሯን አሰበቻት፤ ክፍሉንም፣ ቅዳሜውንም አሰበች። በዚያች መስመር ክንዱ ያለፈበትን መንገድ እንደገና በእጇ ልትጠርግ እንደሆነ ሲገባት ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ። ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም ማለቷ ነው። ሱፐርቫይዘሩ የክፍሉ ቁልፍ ለመምህር ጌታሁን እንዲሰጥ አዘው ወጡ።

ማታ ለክንዱ ደወለችለት።

«አንድ መስመር ብትለውጭ ምን ነበረበት እታለም?»

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?»

«እኔማ ረዥሙን ነበር የማከብብ» አለ።

ሳትስቅ ስልኩን ዘጋችው። ንዴቷ አልበረደም፤ ቦታ ነው የቀየረ። ቅዳሜ ተወስዷል፤ ሰኞ ግን ከእነዚሁ ልጆች ጋር በፕሮግራሟ ያለ፣ ማንም የማይነጥቃት ክፍለ ጊዜ ነው። ዕለቱን ቁጭ ብላ ስለ ሽምግልና ጻፈች። ሽማግሌዎቹ ልጅ ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ የልጅቱ አባት እሺ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ግን ቤቱን ካዩ በኋላ ይቅርብን ብለው ይመለሳሉ።

ሰኞ ወረቀቱን አድላ ጥግ ይዛ ቆመች። ክንፈሚካኤል ጮክ ብሎ ሊያነብ ሲነሣ በእጇ አስቀመጠችው። ክፍሉ በጸጥታ አነበበ። ያምሮት ግማሹ ላይ ስትደርስ ግንባሯ ተኮማተረ፤ ጣቷን አንዱ መስመር ላይ እንደ ተከለች ሌላ እጇን ተቆጥታ አወጣች።

«ጨርሽው መጀመሪያ» አለች ታንጉት።